አደፍርስ ያልሰማው

በ1962 ዓ.ም. ለንባብ የበቃውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ጀምረው ያቋረጡ ወዳጆች አሉኝ። «ንግግሩ በዛ፤ እውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ አይታወቅም» ይላሉ። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ቁም ነገር ያለው እዚያው ላይ ይመስለኛል።

የተማረው ወጣት አደፍርስ ወደ ሸዋ ገጠር የወረደው እምነቱን ይዞ ነው። ስለ ባህል፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ለውጥ የማይተነትነው ነገር የለም። ወይዘሮ አሰጋሽንም ሆነ ገበሬውን ያያቸዋል፤ የሚያያቸው ግን ዳር ቆሞ፣ እንደ ጥናት ርእስ ነው። ሰውን መተንተን ሰውን መረዳት መስሎታል።

ደራሲው የሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። ለየገጸ ባሕርያቱ የየራሳቸውን አንደበት ሰጥቶ፣ ፍርዱን ለእኛ ይተዋል። አደፍርስ ያልሰማውን አንባቢ ይሰማል።

እርግጥ የወጣቱ ዲስኩር አንዳንዴ ታሪኩን ቀጥ ያደርገዋል፤ ይህ ጉድለት ነው። ቢሆንም እሱን ለመውቀስ አንቸኩል። እኛስ ብንሆን፣ እምነቱ ከእኛ የተለየውን ሰው፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ስም የሰጠነው ስንት ጊዜ ነው?

«ሳይደፈርስ አይጠራም» ይባላል። አደፍርስ የሌላውን ውኃ ሲያደፈርስ የራሱን አልነካም።