«ጭምቱ አሜሪካዊ» እና ያልተሰማው የአገሬው ድምፅ

እንግሊዛዊው ደራሲ ግራም ግሪን በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ጭምቱ አሜሪካዊ» የተሰኘ ልብ ወለድ፣ ፈረንሳዮች በቬትናም ያካሄዱትን የቅኝ ግዛት ጦርነት መነሻ ያደረገ ነው። ደራሲው በጋዜጠኝነት ወደዚያ አገር ደጋግሞ ስለ ተመላለሰ፣ የሳይጎንን ጎዳናና የሰሜኑን ጦር ግንባር የገለጸው በዓይኑ እንዳየ ሰው ነው።

ወጣቱ አሜሪካዊ ፓይል አገሩን ያወቀው ከመጽሐፍ ነው። ከፈረንሳዮችም ከኮሙኒስቶችም የተለየ «ሦስተኛ ኃይል» ይቋቋም ዘንድ ፈንጂ ያቀብላል፤ ቦምቡም በሳይጎን አደባባይ ሴትና ሕፃን ሳይለይ አላፊ አግዳሚውን ይፈጃል። ታሪኩን የሚተርከው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ፋውለርም፣ ወገን አልይዝም ሲል ቆይቶ በፓይል ሞት እጁን ያስገባል።

ደራሲው ቅንነት ዕውቀት ሲጎድለው የሚያስከትለውን ጥፋት በሚገባ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ፍርዱ በተራኪውም ላይ ይመለሳል። ሁለቱ የሚፎካከሩባት ቬትናማዊት ፉኦንግ ኦፒየም የምታዘጋጅ፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ሆና ትታያለች እንጂ፣ የልቧን አሳብ አንባቢ አይሰማም። ፋውለር ግን እርሱም እንደ ፓይል በአሳቡ ሌላ ሴት እንደ ፈጠረ ለራሱ ያምናል።

የመጽሐፉ ዋጋ ያለው በዚህ ኑዛዜ ላይ ነው። የቬትናምን ሕዝብ ልማድና ኑሮ የሚያጠና ሰው ከዚህ ልብ ወለድ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ የባዕድ ተመልካች ዓይን እንዴት እንደሚሳሳት ለመረዳት የሚሻ ግን ታማኝ ምስክር ያገኝበታል።