ሰጋር በቅሎ

እ.ኤ.አ. በ2023 ለ«ዘ ሲምስ 4» ጌም የወጣው «ሆርስ ራንች» ተጫዋቹን ፈረስ አርቢ ያደርገዋል፤ ውርንጭላ ያሳድጋል፣ ያሠለጥናል፣ ውድድር አስገብቶ ይሸለማል። ጥሩ ጨዋታ ነው። የእኔ አድናቆት ግን በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቅሎ አርብቶ ለሚሸጠው ገበሬ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ባዝራ ወንድ አህያን እንዲህ በቀላሉ አታስጠጋም፤ ከተቀበለችው በኋላም አሥራ አንድ ወር፣ አንዳንዴ ዓመት መጠበቅ አለ። በቅሎ ደግሞ ራሷ አትወልድም። ስለዚህ ሁለተኛ በቅሎ ያማረው ሁሉ ተመልሶ ባለ ባዝራው ደጅ ይቆማል፤ የንግዱ ምስጢር ይኸው ነው።

ትልቁ ብር ግን ያለው ስግሪያው ላይ ነው። ገበያ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። ገዢው የበቅሎዋን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ይመረምራል፣ ጀርባዋ በኮርቻ የተላጠ እንደሆነ በእጁ ይዳብሳል። ይሄ ሁሉ መቅድም ነው። ከዚያ ባለቤቱ ተፈናጦ ልጓሙን ጠበቅ ሲያደርግ፣ ሶምሶማ እየረገጠች የምታንገጫግጭ ከሆነች ገዢው ፊቱን ያዞራል። ከሰገረች ግን፣ የተቀመጠው ሰው ትከሻ ንቅንቅ ሳይል እግሮቿ ብቻ ሲፈጥኑ፣ ደላላው ሳይጠሩት ይመጣል። (ደላላ መቼ ተጠርቶ ያውቃል!)

መኪና በማይደፍረው የዓባይ ተዳፋት ሙሽራም ሕመምተኛም የሚሄደው በእሷ ጀርባ ነው፤ ዋጋዋ ብዙውን ጊዜ ከእናቷ የሚበልጠውም ለዚህ ነው።