አንድ ዓምድ ወይስ ሁለት?

የኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ከምን ተነሡ? ሲንቲያ ኢቢንገርና ኖርማን ስሊፕ እ.ኤ.አ. በ1998 በ«ኔቸር» መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ በስሌት አስደግፈው መልስ ሰጡ፤ ከኢትዮጵያ አምባ ሥር አንድ ግዙፍ የግለት ዓምድ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ጎን ተዘረጋ አሉ።

ሐሳቡን ለመረዳት የጎጆ ጭስ ማሰብ ይበቃል። ጭስ ከምድጃው ተነሥቶ ጣሪያ ሲነካ ከፍ ወዳለው ጥግ ይሳባል። እዚህ ጣሪያው ጠንካራው የምድር ንጣፍ ነው፤ ጥንት በተከፈቱ ስንጥቆች ሥር ስለሳሳ፣ የጋለው ዐለት በእነዚያ መተላለፊያዎች እየተጓዘ እስከ ካሜሩንና ኮሞሮስ ደርሷል ይላሉ።

የሥራው ብርታት ከእሳቱ ይልቅ ጣሪያውን ማስተዋሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከ130 በላይ የዐለት ናሙናዎችን የመረመረ ጥናትም በአፋር ሥር ያለው ሽቅብ ፍሰት በየጊዜው እንደ ልብ እንደሚመታ፣ አመታቱም ከላዩ በሚለያዩት ንጣፎች እንደሚወሰን አመልክቷል።

ድክመቱም ከብርታቱ አይርቅም። ኮምፒውተር የተሰጠውን ሙቀት፣ ውፍረትና ዝልግልግነት ተቀብሎ የሚከተለውን ውጤት ያሰላል እንጂ ነገሩ በእርግጥ እንዲያ ስለመሆኑ አይመሰክርም። በዚያው በ1998 የኢትዮጵያን ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ዕድሜና ኬሚካዊ ባሕርይ ያጠኑ ሌሎች ምሁራን፣ የደቡቡ እሳተ ገሞራ ከ45 ሚሊዮን፣ የሰሜኑ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መጀመሩን አይተው ሁለት ዓምዶች አሉ ሲሉ ደመደሙ። ዐለቱ አንድ፣ ትረካው ሁለት መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን «ፍሰት» የሚለው ቃል ነው። አንባቢ ይህን ሲሰማ የሚፈላ ባሕር ይታየዋል፤ በሥዕሎቹ ላይ ያለው ቀይ ቀለምም ግምቱን ያጸናለታል። የላይኛው ማንትል ግን በአመዛኙ ጠጣር ዐለት ነው፤ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እየዳኸ ይፈስሳል። ቀዩም ከአካባቢው ይልቅ የሞቀውን ለማመልከት የተመረጠ ቀለም እንጂ የቀለጠ ነገር ምልክት አይደለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ ከሥር የገባ ቅላጭ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ምድር እስከ 8 ሜትር ሲከፍተው አርብቶ አደሮች ቀያቸውን ጥለው ሸሽተዋል። በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጥር ስሌት ያ ምድር ስለ ምን እንደሚሰነጠቅ ያስረዳል፤ ቀኑን ግን አይነግርም። ቀኑን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው በየመንደሩ አጠገብ የሚተከል የርዕደ መሬት መመዝገቢያ ነው። ባለቀለሙ ካርታ የመሣሪያውን ቦታ ከተካ፣ የተዋበው ትረካ ጉዳት ሆነ ማለት ነው።