ስለ ኤሌክትሮማግኔታዊ ልኬት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

በሙያ ቃላት ትርጉም ላይ የሚታየው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከቃል እጦት ሳይሆን፣ ቃሉ ከሚያመለክተው ሥራ ርቆ ከመፈለግ ነው። ለዚህ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ፣ እንደ ሰንፔርና እንደ ቀልጦ የረጋ ኳርትዝ ያሉ፣ ኤሌክትሮማግኔታዊ ኢነርጂን በጥቂቱ ብቻ የሚያባክኑ ቁሶች በሬዞናንስ አጠገብ የሚለኩበትን ዘዴ እንመልከት።

ጠቅላላ መዝገበ ቃላትን ብቻ ይዞ የሚተረጕም ሰው «የቁሱ ኤሌክትሮማግኔታዊ ንብረት» ይላል። ንብረት ግን ባለቤት ያለው፣ የሚሸጥና የሚወረስ ነገር ነው። ቁስ ባሕርይ እንጂ ንብረት የለውም።

ለሬዞናንስ «ማስተጋባት» የሚለው ይታሰብ ይሆናል። ቃሉ ለጆሮ ቢያምርም ከፍሬ ነገሩ ጋር አይገጥምም። የገደል ማሚቶ የደረሰውን ድምፅ ሁሉ ሳይመርጥ ይመልሳል፤ ሬዞናንስ ግን መራጭ ነው። ዥዋዥዌ በራሱ ምልልስ ልክ ሲገፋ እየበረታ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በብረት ክፍተት ውስጥ የገባ ሞገድም የሚበረታው ድግግሞሹ ከክፍተቱ ድግግሞሾች ከአንዱ ጋር ሲገጥም ነው። ሞገዱ ደጋግሞ ስለሚመላለስም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፍ ከመሣሪያው ስሕተት በታች ተሰውሮ ይቀር የነበረው ኢምንት ብክነት ተጠራቅሞ ለመለካት ይበቃል።

ከዚህ ላይ «ጥፋት»፣ «ኪሳራ» እና «ብክነት» ይወዳደራሉ። «ጥፋት» ከፊዚክስ ሕግ ጋር ይጣላል፤ ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለወጣል እንጂ አይጠፋምና። «ኪሳራ» የነጋዴ መዝገብ ቃል ነው። «ብክነት» ግን ያለ ነገር ከተፈለገበት ሥራ ውጭ መዋሉን ስለሚያሳይ ይመረጣል፤ በዚያም ላይ «ባከነ»፣ «አባከነ»፣ «አባካኝ» የሚሉትን ዘመዶቹን ይዞ ይመጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ኪው ፋክተር የተባለውን «የጥራት ደረጃ» ማለት ነው። አንባቢው ስለ ዕቃ ደኅንነት የተነገረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የሬዞናንሱ ድግግሞሽ በግማሽ ኀይል ላይ በሚታየው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ድግግሞሹ 10 ጊጋኸርዝ፣ ስፋቱ 1 ሜጋኸርዝ ቢሆን ቁጥሩ 10,000 ይሆናል። ናሙናው ወደ ክፍተቱ ሲገባ ሬዞናንሱ ዝቅ ይላል፤ ስፋቱም ይጨምራል። ከመጀመሪያው ዳይኤሌክትሪክ ቋሚው (ለቀለጠው ኳርትዝ 3.8 ያህል)፣ ከሁለተኛው ብክነቱ ይሰላል። የክፍተቱ ግድግዳ ያባከነው ካልተቀነሰ ግን የብረቱ ጉድለት በቁሱ ላይ ይላከካል። እንግዲህ የሚደመሩትና የሚቀነሱት ብክነቶች ናቸው፤ ኪውም የእነርሱ ድምር ተገላቢጦሽ ነው። «ጥራት» የሚለው ስያሜ ይህን ሒሳብ ከተማሪው ይሰውረዋል።

እንግሊዝኛውም «ጥራት» ይላል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ባዕዱ ቋንቋ በልማድ የታገሠውን ጉድለት መውረስ ግዴታችን አይደለም።

ስለዚህ በበኩላችን «ባሕርይ» እና «ብክነት» እንዲጸኑ፣ «ሬዞናንስ» እንዳለ እንዲወሰድ፣ ኪውም «ኪው ቁጥር» ተብሎ «የብክነት ተገላቢጦሽ» በሚል ፍቺ እንዲብራራ እናሳስባለን። ማንኛውም ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በዝርዝር ውስጥ ብቻውን ከሚታይ ይልቅ፣ ልኬቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሚተርክ አንድ አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ቢፈተን፣ ጠንካራውና ደካማው ቃል ያን ጊዜ ይለያል።