ወፍ ለማየት መቀመጥ ይበቃል

ማሽላ ሲያሽት ወፍ ጠባቂ ማማ ላይ ይወጣል። ወንጭፉን ይዞ ወፍ ሳይንጫጫ ጀምሮ ጀንበር እስክትጠልቅ እዚያው ይውላል። መንጋው ከየትኛው ጥግ እንደሚነሳ፣ መቼ ውሃ እንደሚወርድ፣ የትኛው ጩኸት ጭልፊት መጣ ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ዓላማው ማባረር ነው፤ እውቀቱ ግን ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች በዴንቨርና በአውሮራ ሰዎች ባይኖኩላር አንግተው የሚፈልጉት ያው እውቀት ነው። ይህን የማነሳው ወፍ መመልከት ብርቱ እግር፣ መኪናና ውድ መሣሪያ ላለው ሰው ብቻ የተተወ ስለሚመስል ነው። እኔ ግን ነገሩ ከመቀመጫ ይጀምራል ባይ ነኝ። በዊልቸር የሚሄድ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ዓይኑ የደከመ፣ እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው ከተቀመጠበት ሆኖ እንዲያይ ታስቦ የተሰናዳ ጠዋት ለእነዚህ ሰዎች የሚዋል ውለታ አይደለም። የሙያው ትክክለኛ መንገድ እሱ ነው።

ምክንያቱ ከወፏ ይነሳል። ወፍን የሚያስበረግጋት ቆሞ የሚራመድ የሰው ቅርጽ ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ጉቶ ትቆጥረዋለች። የዴንቨርን ሲቲ ፓርክ እንይ። ከእንስሳት ማቆያው አጠገብ ባለው ዳክ ሌክ ደሴት ላይ በሚያዝያና በግንቦት የውሃ ወፎች በአንድ ዛፍ ተደራርበው ጎጆ ይሠራሉ። ከመካከላቸው የሌሊት ሄሮን የሚባለው አለ፤ ጥቁር ቆብ የደፋ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ጋቢ እንደተከናነበ ሽማግሌ የሚያቀረቅር። ፈጥኖ የሚያልፍ ሰው የዛፍ ጉጥ መስሎት ያልፈዋል። አግዳሚ ወንበር ላይ 20 ደቂቃ የቆየ ግን ያ የተቀበረ አንገት ድንገት ተመዝዞ ዓሣ ይዞ ሲመለስ ሊያይ ይችላል። መኪናም እንደዚሁ ነው። ከአውሮራ በስተ ሰሜን ያለው የሮኪ ማውንቴን አርሰናል የዱር እንስሳት መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ሠራዊት የኬሚካል ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያቆመበት፣ በኋላም ፀረ ተባይ የተመረተበት መሬት ነው። በ1986 ራሰ ነጭ ንስሮች በብርድ ወራት ሲያድሩበት ተገኙ፤ በ1992 ደግሞ ኮንግረሱ መጠለያ እንዲሆን ሕግ አወጣ። መግቢያው ነጻ ነው፤ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የጉብኝት መንገድ ከመኪና ሳይወርዱ ይዞሩታል። ጎሽ፣ ንስር፣ በበጋ ደግሞ ፕሬሪ ዶግ በሚባለው መሬት ቆፋሪ እንስሳ ጉድጓድ አፍ ላይ በጠራራ ቀን የምትቆም ባለ ረጅም እግር ጉጉት ከመስኮት ይታያሉ። መራመድ የሚችለውም ቢሆን እዚያ ከመኪናው የተሻለ መደበቂያ አያገኝም።

«ተቀምጦ የሚያይ የሚያየው ዓይነት ጥቂት ነው» የሚሉ አሉ። በአንድ ጠዋት ከተለካ እውነት ነው፤ ሦስት ፓርክ የዞረ ሰው ዝርዝሩ ይረዝማል። ዝርዝር ግን የእውቀቱ ቁንጽል ክፍል ነው። ወፏ ምን እንደምትበላ፣ ማንን እንደምትፈራ፣ ስትጣላ ክንፏን እንዴት እንደምትይዝ የሚገለጸው ለቆየ ሰው ነው። ልምድ ያላቸው ተመልካቾችም ይህን ስለሚያውቁ በየዓመቱ የመሃል ስፋቱ 5 ሜትር ገደማ በሆነ ክብ ውስጥ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን የሚቆጥሩበት ቀን አላቸው።

መቀመጥ ይበቃል ስል ግን መቀመጫው ድረስ መድረስ ይቻላል ማለቴ አይደለም። ዴንቨር ይህን በትግል የተማረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1978 19 አካል ጉዳተኞች በኮልፋክስና በብሮድዌይ መገናኛ አውቶቡሶችን አግደው ሌሊቱን እዚያው አደሩ፤ የጠየቁት ዊልቸር የሚያነሳ መሣሪያ እንዲገጠም ነበር። ያን ጊዜ የተጠየቀው ዛሬ ጋሪ ለምትገፋ እናትም፣ ምርኩዝ ለያዘ አባትም ይሠራል። በዚያው በኮልፋክስ ከአውሮራ የሚመጣው 15 ቁጥር አውቶቡስ ከሲቲ ፓርክ ትንሽ በስተ ደቡብ ያልፋል። ከአውቶቡስ ወርዶ ወፉ ያለበት እስኪደረስ ያለውን መንገድ ግን ጉዞውን የሚያዘጋጀው መሪ ቀድሞ በእግሩ ሊለካው ይገባል፦ አግዳሚ ወንበሮቹ ምን ያህል ይራራቃሉ፣ ጠጠሩ የተደለደለ ነው ወይስ ጎማ የሚውጥ፣ መጸዳጃ ቤቱ ክፍት ነው ወይ፣ በብርድ ወራት ጥላ ያረፈበት የመንገዱ ጎን በረዶ ይዟል ወይ። ከሁሉ የሚዘነጋው የመመልከቻ ሰገነቶች አጥር ነው። ለቆመ ሰው ክንድ ማሳረፊያ የሆነው አግዳሚ እንጨት ለተቀመጠ ሰው ልክ ዓይኑ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት አለበት፤ ቆሞ የሚደረግ ፍተሻ ይህን አያሳይም። ቨርጂኒያ ሮዝ የተባሉት በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ የቴክሳስ ወፍ ተመልካች የመሠረቱት በርዳቢሊቲ የተባለ ድርጅት እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከጎብኚዎች እየሰበሰበ በካርታ ላይ ያስቀምጣል። ጥርጊያ መንገድ ተፈጥሮን ያበላሻል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ፊላው መሃል አስፋልት ይፍሰስ የሚልም የለም። ነገር ግን ጠንካራ ጠባብ መንገድ ሰውን በአንድ መስመር ይይዘዋል፤ መንገድ የሌለበት ቦታ ሁሉም በየፊናው ይረግጠዋል።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። እጅ ለሚንቀጠቀጥ 10 ጊዜ ከሚያጎላው 8 ጊዜ የሚያጎላው ይሻላል፤ ክርኑን ትራስ ላይ ያሳርፍ፣ መነጽር የሚያደርግ ከሆነ የባይኖኩላሩን የዓይን ጎማ ወደ ውስጥ ይጠምዝዘው። ዓይኑ ላልረዳው ጆሮ አለ። ፊላ ውስጥ ያለው ባለ ቀይ ትከሻ ጥቁር ወፍ ከመታየቱ በፊት ዝገት የያዘ ማጠፊያ ሲጢጥ እንደሚል ዓይነት ድምፁ ይሰማል። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሜርሊን የተባለው ነጻ መተግበሪያ ከ2021 ጀምሮ ድምፅ ሰምቶ ስም ይነግራል፤ ድምፁን በሥዕል ስለሚያሳይ ጆሮው ለሚከብደውም ይጠቅማል። «ይህማ ማጭበርበር ነው» የሚሉትን አልቀበልም፤ ሰው እንዳይሰንፍ ግን መተግበሪያው ምስክር እንጂ ዳኛ እንዳልሆነ መንገር ይገባል። አውሮራን የሞላው ስታርሊንግ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እያስመሰለ ሊያሳስተው ይችላል።

ከእግርና ከዓይን ሌላ የቆዳችን ቀለምም እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሜይ 2020 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ጥቁሩ ወፍ ተመልካች ክርስቲያን ኩፐር ውሻዋን እንድታስር የጠየቃት ሴት ፖሊስ ጠርታበት ነበር፤ በቀናት ውስጥ የጥቁር ወፍ ተመልካቾች ሳምንት ተጀመረ። ሐበሻ አባት ባይኖኩላር ይዞ ሰው ቤት አጠገብ መቆም ቢከብደው ፍርሃቱ መሠረት አለው። በቡድን መሄድና ሕዝብ የሚበዛበት ፓርክ መምረጥ ይረዳል፤ ሸክሙን ግን እሱ ብቻ ሊሸከመው አይገባም። ጉዞ የሚያዘጋጁ ሰዎች በስሙ ጠርተው፣ በቋንቋው ጋብዘው አጠገቡ ሊቆሙ ይገባል።

የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ አውሮራ የመጡ እናቶችና አባቶች ቀኑን አፓርትመንት ውስጥ ይውላሉ፤ መኪና አይነዱም። ለእነሱ መጀመሪያው መስኮቱ ነው። ደረቱ የቀላ ትንሽ ወፍ፣ ባለ ረጅም ጭራው ጥቁርና ነጭ የቁራ ዘመድ፣ ዛፉን ትቶ መሬት ላይ ጉንዳን የሚለቅመው ግንደ ቆርቁር ከዚያው ይታያሉ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ማስጠናት አያስፈልግም፤ እማማ የራሳቸውን ስም ያውጡላቸው፣ የልጅ ልጃቸው የእንግሊዝኛውን ይፈልግ። ቀጥሎ በብርድ ወራት፣ ፀሐይ በወጣችበት ቅዳሜ፣ ውሃው በረዶ ካልሆነ ኩሬ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ። አፉ እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬ ይኖራል። ብዙ ሆነው አንገታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ክብ ሠርተው ይሽከረከራሉ፤ የፊተኛው በእግሩ የበጠበጠውን የኋለኛው በአፉ ያጠለዋል። የዚሁ ዳክዬ ወገኖች በዚያው ሰሞን ከአውሮፓና ከእስያ ወርደው ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ እንዲሁ ይሽከረከራሉ።