ጥቁር ድንጋይና ይሉኝታ

ለማሳጅ የሚሆነው ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት። አገራችን በጥቁር ድንጋይ አትታማም፤ ደጋው አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የተነጠፈ ነው። ነገር ግን ለግንብ የተፈለጠው ለገላ አይሆንም፤ ጠርዙ ይቧጥጣል። ቀዳዳ የበዛበት ደግሞ ዘይትና ላብ ይመጥና ቢታጠብም አይጠራም። እኔ የምመርጠው ውሃ ሲያንከባልለው ኖሮ የለሰለሰውን፣ በመዳፍ ሲያዝ ክብደቱ የሚታወቀውን ነው።

ማስታወቂያው ሁሉ በትኩስ ድንጋይ ማሸትን "ጥንታዊ ጥበብ" ይለዋል። ሰው ድንጋይ አሙቆ የታመመ ጎኑን ማሳረፉ የቆየ ነገር ነው፤ አያከራክርም። ዛሬ በየስፓው የምንሠራበት አኳኋን ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ ባብዛኛው የተስፋፋው በአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ ሜሪ ኔልሰን የተባለች ማሳጅ ሠሪ በ1993 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው ሥራ ነው። ድንጋይ ያነሳችው ትከሻዋን ያማት ስለነበር ነው። ይህ ታሪክ ደስ የሚለኝ የሙያውን እውነት ስለሚናገር ነው፦ ድንጋዩ ከደንበኛው እኩል የሠራተኛዋን አውራ ጣት ያሳርፋል።

ስለ "ድንጋዩ ኃይል" የሚወራውን አልከተልም። በኪሎ ከተለካ ውሃ ከድንጋይ አምስት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይይዛል። የድንጋዩ ብልጫ ሙቀቱን ከክብደት ጋር አጣምሮ ማምጣቱ ነው። ማጅራት ላይ ያለ የተቋጠረ ጡንቻ በባዶ እጅ ሲነኩት ይከላከላል፤ ሙቀት ሲቀድም ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ መጫን አያስፈልግም።

ድንጋዩን የማሞቅበትን ውሃ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ አደርገዋለሁ። 60 ከደረሰ የአዋቂን ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። "ይፍላና ይውጣ" የሚሉኝ አሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያም ቢሆን ለገላ አይታሰብም። ብርኩታ የሚባለው ዳቦ ሲጋገር ድንጋዩ በእሳት ግሎ ሊጥ ይጠቀለልበታል፤ ሊጡ ሙቀቱን የሚያሸሽበት ደም የለውም። ገላ ግን አለው፤ ደሙ ሙቀቱን እየወሰደ ያከፋፍለዋል። ለዚህም ነው ድንጋዩ ሲንሸራተት የምንችለው፤ አንድ ቦታ ሲቆም ግን ደሙ አይደርስለትም። ድንጋይ ማስቀመጥ ካለብኝ ፎጣ ሳላነጥፍ አላስቀምጥም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን ሙቀቱን ማን ይመስክር የሚለው ነው። እጄ አይታመንም፤ ድንጋይ ሲያነሳ የዋለ መዳፍ ይለምዳል፣ ለሌላው የሚያቃጥለው ለእኔ ለብ ያለ ይመስለኛል። ስለዚህ ውሃውን በቴርሞሜትር እለካለሁ፤ ድንጋዩን ደግሞ ከማሳረፌ በፊት በክንዴ ውስጠኛ ክፍል ላይ አስነካዋለሁ። የትምህርቱ መጽሐፍ የቆዳ መቅላትን ተከታተሉ ይላል። ይህ የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ አይታይም። እኔ በእጄ ጀርባ ዳስሼ፣ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር አመዛዝኜ ነው የማውቀው።

ደንበኛውም አይመሰክርም። ይሉኝታ ይዞታል።

"ጋሼ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው?"

"ኧረ ምንም አይል፣ ቀጥይ ልጄ።"

ይህን ሲሉኝ የእግራቸው ጣቶች ተጨብጠዋል፣ ትንፋሻቸውም ቆሟል። ከፍለው ተኝተው እንኳ እኔን ላለማስቀየም ይቃጠላሉ። "ሞቀ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ትርጉም እንደሌለው የገባኝ እንዲህ ዓይነት ደንበኞች ሲበዙብኝ ነው። አሁን የምጠይቀው "ይሄኛው ይሻላል ወይስ የበፊቱ?" ብዬ ነው። መምረጥ ማማረር ስላልሆነ ሰው ሳይሳቀቅ ይመልሳል። ሴቶቹ በተለይ፣ እትዬ ብዬ ከጠራኋቸው በኋላ፣ "የበፊቱ ይሻል ነበር" ይላሉ፤ ይህ በእኛ ቋንቋ "አቃጠልሽኝ" ማለት ነው፣ ወዲያው አነሳዋለሁ።

ስኳር ላለበት ሰው ግን ይህም ዘዴ አይሠራም። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ስሜቱን ስለሚያደነዝዘው ደንበኛው ከልቡ "ደህና ነው" ብሎ ሊቃጠል ይችላል። የደም መርጋት ያለባቸውን፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱትን፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉትን ያለ ሐኪም ፈቃድ ድንጋይ አላስነካቸውም፤ ነፍሰ ጡሮችንም እንዲሁ። የሚከፋቸው አሉ፤ "ለድንጋዩ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት" ይላሉ። ድንጋዩን ገንዳው ውስጥ እተወዋለሁ፤ የሐኪማቸውን ቃል እስኪያመጡ እሽታውም ሆነ ቀጠሮው ይቆያል። ስኳር ላለባቸውና እግራቸው ላልቆሰለ ግን ዘይቱን በመዳፌ አሙቄ በባዶ እጅ እጀምራለሁ።