ዶፓሚን፤ ብርሃንና የሬቲና ሰዓት
በተለመደው ማብራሪያ ላይ የቀረበ ሒስ

ዶሮ ገና ሳይነጋ በጨለማ ይጮኻል። ብርሃን አይቶ አይደለም፤ በጃፓን አገር የተደረገ ምርምር በ2013 እንዳሳየው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማይለዋወጥ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ሲቀመጥ እንኳ ጊዜውን ጠብቆ የሚጮኸው በውስጡ ባለው ሰዓት ነው። ስለ ሬቲና የዕለት ዑደት በተማሪዎች መካከል የሚነገረውን ማብራሪያ በሰማን ቍጥር ይህ ዶሮ ትዝ ይለናል። ማብራሪያው ብርሃንንና ሰዓትን እንደ አንድ ነገር ይቈጥራቸዋልና።

ማብራሪያው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሲነጋ ብርሃን በሬቲና ውስጥ የሚገኙትን አንዳንድ የአማክሪን ሕዋሳት ያነቃቸዋል፤ እነርሱም ዶፓሚን ያወጣሉ፤ ዐይንም ለቀን ይዘጋጃል። ሲመሽ ብርሃን ተቀባዮቹ ሕዋሳት ሜላቶኒን ይሠራሉ፤ ዐይንም ለሌሊት ይዘጋጃል። አንዱ ሌላውን ስለሚገታ እንደ ሚዛን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል ይባላል። እኛም ባለፈው ዓመት ለታናናሾቻችን ስናስጠና ይህንኑ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ሥለን አስተምረናል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው በከፊል የራሳችንን ስሕተት ለማረም ነው።

ሥዕሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ማርጋሪታ ዱቦኮቪች በ1983 ሜላቶኒን ከጥንቸል ሬቲና የሚወጣውን ዶፓሚን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ዶፓሚንም በበኩሉ የሜላቶኒንን ሥራ እንደሚገታ ታውቋል። ዳሩ ግን ሦስት ጕድለቶች እናገኝበታለን።

አንደኛ፤ ብርሃን የሚያደርገውን ሰዓት ከሚያደርገው አይለይም። ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ዶፓሚን ሲወጣና ሲወርድ ቢታይ፤ ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የሚለየው የማያቋርጥ ጨለማ ነው። ቤሻርስና አዩቮን በ1983 ዜኖፐስ የተባለውን እንቍራሪት ዐይን ከአካሉ አውጥተው በጨለማ ሲያቈዩት፤ ሜላቶኒን ለመሥራት የሚያስፈልገው ኤንዛይም በየዕለቱ መውጣትና መውረዱን አላቋረጠም። ቶሲኒና ሜናከርም በ1996 ሃምስተር በሚባለው አይጥ መሰል እንስሳ ሬቲና ላይ የሜላቶኒን ዑደት አገኙ፤ የሰዓት ጂኑ በተለወጠበት ሃምስተር ደግሞ ዑደቱ አጠረ። እንግዲህ ሬቲና የራሱ ሰዓት አለው ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ለእንስሳ ሁሉ አንድ ሕግ ያወጣል። በላቦራቶሪ እጅግ የተለመደው ሲ57 ብላክ 6 የሚባለው የአይጥ ዘር ሜላቶኒንን በቅጡ አይሠራም። በ2002 የሜናከር ባልደረቦች እንዳስታወቁት፤ እንዲህ ያሉ አይጦች በማያቋርጥ ጨለማ ሲቀመጡ የዶፓሚናቸው ዑደት ይጠፋል፤ ብርሃንና ጨለማ ሲፈራረቅባቸው ግን ይኖራል፤ ሜላቶኒን በየዕለቱ ሲወጉም ይመለሳል። ስለዚህ የትኛው እንስሳ እንደሆነ ሳይነገር «ዶፓሚን በሰዓት ይመራል» ማለትም፤ «በብርሃን ይመራል» ማለትም ትርጕም የለውም።

ሦስተኛ፤ ብርሃን ሰዓቱን የሚያስተካክልበትን መንገድ አንድ ብቻ ያደርገዋል። የማክማሆን ላቦራቶሪ በ2008 እንዳሳየው ዶፓሚን ዲ1 በሚባለው ተቀባይ በኩል የአይጥን ሬቲና ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። ይህ ሥዕሉን የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ቡርና ቫን ጌልደር በ2014 ሮድ፤ ኮንና ሜላኖፕሲን በሌሉት ሬቲና ላይ ሳይቀር ብርሃን ሰዓቱን እንደሚያስተካክል አሳዩ፤ በ2015ም ለዚህ ኒውሮፕሲን የሚባለው ፕሮቲን እንደሚያስፈልግ ተገለጠ። በሰሌዳው ላይ የሣልነው ሥዕል ለዚህ ቦታ አልነበረውም።

«ይህ የቃላት ክርክር ነው» የሚለን ይኖራል። አይደለም። የማንጌል ቡድን በ2008 እንደገለጠው፤ ሮድና ኮን የሚገናኙበት መንገድ ሌሊት ይከፈታል፤ ቀን ደግሞ በዶፓሚን አማካይነት ይጠባል፤ ይህንንም የሚያዝዘው ሰዓቱ ነው። እንግዲህ በጨለማ ክፍል የተለካ ዐይን እንኳ ቀትርና እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ዐይን አይደለም። በፓርኪንሰን በሽታ በሞቱ ሰዎች ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን አንሶ ተገኝቷል፤ ከዐይን ምርመራ የበሽታውን ምልክት ለማግኘት የሚጥር ሰው የተለካበትን ሰዓት ካልመዘገበ፤ የሰዓቱን ሥራ በበሽታው ሊያሳብብ ይችላል። ጕዳቱ በሕመምተኛው ላይ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ በላቦራቶሪ ደብተራችን ላይ የእንስሳው ዘር፤ የተለካበት ሰዓትና ከዚያ በፊት ያየው ብርሃን ሳይጻፍ ስለ ሬቲና ዑደት የሚሰጥ ፍርድ ተቀባይነት አይኑረው። ያስተማርናቸውንም ታናናሾቻችንን ሰብስበን ሥዕሉን ከእነርሱ ጋር እናርማለን። በአሳባችን የማይስማማ አንባቢ ቢኖር መልሱን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍልን እንጠይቃለን።